ጥሪትን ለሥራ የማዋል ውሳኔና ተጨባጭ መሠረቱ

የአንድ አገር ጥሪት በየትኛው የሥራ መስክ ላይ እንደሚውል የሚወሰነው በፕላን መሥሪያ ቤቶችና በባንክ አዳራሾች ብቻ አይደለም። ይህ ውሳኔ በየዕለቱ በየጎጆው፣ በየሱቁና በየጋራዡም ይሰጣል። መኸሩን ሰብስቦ፣ ጤፉን ሸጦ፣ ገንዘቡን ቋጥሮ ወደ ቤቱ የሚመለሰው የጎዛምን አርሶ አደር፣ ከወር ደመወዙ ቀንሶ ዕቁብ የሚጥለው የደብረ ማርቆስ ሠራተኛ፣ ከጠላና ከእንጀራ ሽያጭ ጥቂት ያጠራቀመችው የቀበሌ ነዋሪ፣ እንዲሁም ሚሊዮኖችን ይዞ ፋብሪካ የሚተክልበትን ቦታ የሚያማርጠው ባለሀብት በገንዘባቸው መጠን ይለያዩ እንጂ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ገንዘብ ዛሬ ከእጄ ባወጣው ነገ ከነፍሬው ተመልሶ ይመጣልን? ከመጣስ የሚመጣው ለእኔ ነውን?

ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሁለተኛው አዘውትሮ ይዘነጋል። ስለ ልማት የምንጽፍና የምንናገር ወገኖች የምናተኩረው በፊተኛው ላይ ነው። የትርፉን መቶኛ እናሰላለን፣ የገበያውን ስፋት እንገምታለን፣ ሠልጣኙ በተግባር እንዲተረጉመው እንመክራለን። በጎጃም ደጋ ግን አባት ለልጁ ሲያስተላልፍ የኖረው የኢኮኖሚ ትምህርት በአመዛኙ ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመለከት መሆኑን ታሪክ ያረጋግጣል።

ስለ ጎጃም ሕዝብ በየስብሰባው የሚሰነዘር አንድ የተለመደ ወቀሳ አለ። ሕዝቡ ሠርቶ አዳሪ፣ ምድሩም ለም ሆኖ ሳለ ገንዘቡን ለዘመናዊ ሥራ ከማዋል ይልቅ በባሕር ዛፍ፣ በከብት፣ በቆርቆሮ ቤትና በድግስ ላይ ያውለዋል፤ ይህም የኋላ ቀር አስተሳሰብ ውጤት ነው ይባላል። ወቀሳው ወቃሹን ከማናቸውም ኃላፊነት ነጻ ስለሚያደርገው ምቹ ነው። ነገር ግን አስተሳሰብ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው በኖረበትና ባየው ተጨባጭ ሁኔታ ይቀረጻል። ስለዚህ ገበሬው ወይም ነጋዴው ለምን እንዲህ ያስባል ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ አስቀድሞ ምን ደረሰበት ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት። በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት የአንድ ግለሰብ ፍጹም ሀብት አልነበረም። ከአንድ አቅኚ አባት እንወለዳለን የሚሉ ሁሉ ድርሻ የሚጠይቁበት የዘር ሀብት ነበር። አለን ሆበን የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ሥርዓት በዳሞት ተቀምጠው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጡት፣ አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልድ እየቆጠረ በልዩ ልዩ ሥፍራ ርስት መጠየቅ ይችል ነበር። ሌላውም እንዲሁ በእርሱ ይዞታ ላይ ይጠይቃል። ዛሬ የሚታረሰው ማሳ ነገ በሽማግሌ ወይም በዳኛ ፊት የክርክር ርእስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሥርዓቱ የጎጃምን ገበሬ ከደቡቡ ጭሰኛ የተሻለ ነጻነት አጎናጽፎታል፤ ርስት ለባዕድ የማይሸጥ በመሆኑም ከመነቀል ጠብቆታል። ይህ አሌ የማይባል ሐቅ ነው። ሆኖም የትውልድ ሐረግ መቁጠርና በችሎት መርታት የመሬት ማግኛ መንገድ በሆነበት ምድር፣ ብልህ ሰው ጊዜውንና ብሩን በእርከን ላይ ከማፍሰስ ይልቅ በሙግት ላይ ማዋሉ ሊያስገርመን አይገባም። ሙግትም በዘመኑ አንድ የመዋዕለ ንዋይ መስክ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም ሲወጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ጠመንጃውን አንሥቶ ተቃወመ። የግብሩ መጠን ብቻ አላስነሣውም። ገማቾቹ ማሳውን ሊያዩ ሲመጡ የታየው የቃላድ ገመድ ነው፤ መሬቱ ከተለካ በኋላ ርስቱ ከእጁ እንደሚወጣ ሠጋ። የዘውዱ መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን ከሥፍራቸው አንሥቶ ውዝፍ ግብርም ለመማር ተገደደ። ከዚህ የምንረዳው ገበሬው ስለ ነገ ይዞታው ያለው ሥጋት ከዛሬ ወጪው እጅግ የሚከብደው መሆኑን ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለጭሰኛው ታላቅ የነጻነት ቀን ነበር፤ በጎጃምም ርስት የመያዝ መብት ተነፍጓቸው ይኖሩ ለነበሩት ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ፋቂ ወገኖች የመሬት በር ከፈተ። ይሁንና መሬቱን የመሸጥ፣ የማስያዝና የማከራየት መብት በአዋጁ ተከለከለ፤ ከዚያም በኋላ መሬት በየጊዜው ይሸጋሸግ ጀመር። አንድ ገበሬ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ቢሠራ፣ ፍጉን ከበረቱ እየዛቀ ለሦስትና ለአራት ዓመት ማሳውን ቢያዳብር፣ በሚቀጥለው ሽግሽግ ያ ማሳ ለሌላ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም በየማሳው የሚያፈሰው ጉልበት በአንድ መኸር ውስጥ የሚመለሰውን ያህል ብቻ ሆነ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ከዚያ በላይ የሚያፈሰው ጉልበት የእርሱ ሆኖ ስለመቅረቱ ዋስትና አልነበረውም።

በምርቱ ላይም እንዲሁ። ጎጃም ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን እህል በማቅረብ ከአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት ክፍላተ ሀገር አንዱ ነበር። ኮታው በየገበሬ ማኅበሩ ይደለደላል፤ የሚከፈለው ዋጋ ከነጻ ገበያው በብዙ ያነሰ ነበር። የከተማው ሠራተኛ በርካሽ ዋጋ እህል ማግኘቱ ተገቢ ዓላማ ነበር። ነገር ግን ትርፍ ምርቱን በዚያ ዋጋ እንዲያስረክብ የሚገደድ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ትርፍ ለማምረት ተጨማሪ ማዳበሪያ የሚገዛበት ምክንያት ጠፋ። አሠራሩ እስከ 1982 ዓ.ም ድረስ ዘለቀ፤ በዚያ ዓመት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የእህል ንግዱ ለግል ነጋዴ ተለቀቀ።

በከተማውም የነበረው ሁኔታ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ለተከራዩ የቤት ኪራይ ቀነሰለት፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸውን ቤቶችም ቀበሌ ተረከበ። በ1968 ዓ.ም ደግሞ ለግል ንግድና ኢንዱስትሪ የካፒታል ጣሪያ ተተከለ። ኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር፣ ጅምላ ንግድ ከ300,000 ብር፣ ችርቻሮ ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ፣ አንድ ሰውም ከአንድ በላይ የንግድ ሥራ እንዳይይዝ ተደነገገ። ጣሪያው ዘረፋን ለመግታት የታለመ ነበር። ውጤቱ ግን ነጋዴው የሚያተርፈውን ወደ ማምረቻ መሣሪያ ከመለወጥ ይልቅ ወደ ወርቅ፣ ወደ ድብቅ ክምችትና ወደ ድግስ እንዲያዞር አስተማረው። የዛሬው የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ይህን አዋጅ አንብቦት ላያውቅ ይችላል፤ የአባቱን ምክር ግን ሰምቷል።

ሦስተኛው ድንጋጤ በ1989 ዓ.ም መጣ። በአማራ ክልል፣ በተለይም በጎጃም፣ የመሬት ድልድል በተካሄደበት በዚያ ዓመት፣ በቀድሞው መንግሥት ጊዜ በቀበሌ ወይም በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉት «ቢሮክራት»፣ ሌሎቹም «የፊውዳል ቅሪት» የሚል ስም ተሰጥቷቸው ይዞታቸው ወደ 1 ሄክታር ዝቅ እንዲል ተደረገ። ለሌላው ገበሬ የተፈቀደው ጣሪያ ግን እስከ 3 ሄክታር ነበር። ቅሬታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ የዘለቁ አያሌ ናቸው። መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች ድርሻ መሰጠቱ በራሱ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ይዞታው እንዲቀነስ የሚያደርገው ጥፋት ትናንት በሹመት ማገልገሉ ከሆነ፣ ነገ ደግሞ በሌላ ስም የማይነካበት ምን ዋስትና አለው የሚል ጥያቄ በየመንደሩ መነሣቱ አይቀርም ነበር፤ ተነሣም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ያለፉትን መንግሥታት ለመክሰስ ወይም ለማመስገን ብለን አይደለም። ከርስት ሙግት እስከ ድልድል በተጓዘው በዚህ ዘመን ውስጥ የኖረ ቤተሰብ ጥሪቱን ሲመድብ ከምን ተነሥቶ እንደሚያሰላ ለማሳየት ነው። ታሪኩን ያየ ሰው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ሲል በግራና በቀኝ የሚያየውን የባሕር ዛፍ ደን በሌላ ዓይን ይመለከተዋል።

ባሕር ዛፍ የሚተክለውን ገበሬ ስሌት ደረጃ በደረጃ እንመርምር። ዛፉ በየዓመቱ በሬ አይጠምድለትም፣ ማዳበሪያም አይጠይቀውም። ባለቤቱ ቢያረጅ፣ ቢታመም፣ ቢሰደድ፣ ወይም ቤቱን ትታ የሞተች እናት ያስቀረቻቸው ልጆች ገና ሕፃናት ቢሆኑ ዛፉ ያለ ጠባቂ ማደጉን አያቆምም። በአራትና በአምስት ዓመት ለማገርና ለአጣና ይደርሳል፤ ቢቆረጥ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። የልጅ ትምህርት ቤት፣ ሠርግ፣ ሕመም ወይም የፍርድ ቤት ወጪ በመጣ ቀን ተቆርጦ ይሸጣል፤ ባልቸገረበት ዓመት ደግሞ ቆሞ ይወፍራል። አጣናው ከጎጃም አልፎ በመተማ በኩል ሱዳን ድረስ ተሽጧል። በዋጋው ላይ ኮታ የጫነበት የለም። ብር በሚረክስበት ዘመን ቆሞ የሚያድግ ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ ማሳን በዛፍ የሸፈነ ሰው መሬቱ «ያልለማ» ተብሎ እንዳይወሰድበት ይጠብቀዋል ብሎ ያምናል። እንግዲህ ይህን ሁሉ በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀመጠን ገበሬ ስሌት አያውቅም ማለት ራስን ማታለል ነው።

ጉዳቱም ግልጽ ነው። ባሕር ዛፍ ምንጭን ያደርቃል፣ ጥላውና ሥሩ የጎረቤትን ጤፍ ያቀጭጫል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የአንዱ ውሳኔ የሌላውን ውሳኔ ያስገድዳል። ጎረቤቱ ባሕር ዛፍ የተከለበት ገበሬ በድንበሩ ላይ ያለው ጤፍ ምርት ሲያንስበት ወይ ይካሰሳል ወይ እርሱም ይተክላል። ብዙዎቹ ተክለዋል። በዚህ መንገድ በጤፉ የሚታወቀው ማሳ፣ ማንም ጤፍን ልተው ብሎ ሳይነሣ፣ ማሳ በማሳ ወደ ዛፍ ተለወጠ። የግለሰቡ ስሌት ትክክል፣ የሰፈሩ ውጤት ግን ጎጂ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። የቀበሌ ሸንጎ ከድንበር ምን ያህል ርቆ መተከል እንዳለበት ቢወስንና ውሳኔውን ቢያስከብር ኖሮ ብዙው ማሳ ይድን ነበር።

ከደብረ ማርቆስ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አውራ ጎዳና የተከተለ መንገደኛ አዲስ ቅዳም አካባቢ ሲደርስ ሌላ ዛፍ ያያል። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር በስፋት ተክለው ከሰል እያከሰሉ ለአዲስ አበባ ገበያ አቅርበዋል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ዛፉ ይቆረጣል፤ መሬቱም እንደገና ይታረሳል። ማንም ካድሬ ሳያዝ፣ ማንም ፕሮጀክት ሳይመራው፣ ከጎረቤት ጎረቤት ተምሮ የተስፋፋ ሥራ ነው። ቆርቆሮ ቤቶች ተሠሩበት፣ ልጆች ተማሩበት፣ ችግኝ ማፍላት ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። ነገር ግን መላው ወረዳ በአንድ ዛፍ ላይ መደገፉ ያስከተለውን በቅርብ ዓመታት አይተናል። ዝገት መሰል የቅጠል በሽታ ገብቶ ተክሉን ከዳር እስከ ዳር መታው። ጎረቤት ያደረገውን ማድረግ ርካሹ የመረጃ ምንጭ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ አንድ ነገር ሲያደርግ ግን አደጋውም የጋራ ይሆናል።

አሁን ወደ ከተማው እንመለስና ደመወዙን የሚቆጥበውን ሠራተኛ እንመልከት። የብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 1,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሠራተኛ በዓመቱ 1,070 ብር ሲቀበል፣ በ1,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ከ1,300 ብር በላይ ይጠይቀዋል። ቆጣቢው የተቀጣው በመቆጠቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህን ያየ ሰው ደመወዙን በተቀበለ ማግሥት ወደ ብሎኬትና ወደ ቆርቆሮ መሮጡ ይፈረድበታልን? በ1999 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ በደብረ ማርቆስ ግቢዎች ውስጥ የተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች የዚህ ስሌት ልጆች ናቸው።

እንበልና አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ 300,000 ብር አጠራቅሟል። የመላጊያ ማሽን ቢገዛ ሦስት ወጣቶች ሊቀጥር፣ በርና መስኮት፣ ጠረጴዛና ወንበር ሊያመርት ይችላል። ክፍል ቢሠራ ደግሞ ማንንም አይቀጥርም፤ ኪራዩን ግን በየወሩ ይሰበስባል። ለኅብረተሰቡ የሚበጀው ማሽኑ መሆኑ አያጠያይቅም። ባለሙያው የሚያወጣ የሚያወርደው ግን ሌላ ነው። መብራት በቀን ስንት ሰዓት ይጠፋል? የሚሠራበት ሼድ የእርሱ ነው ወይስ በሚቀጥለው ዓመት ልቀቅ ይባላል? ማሽኑ ቢሰበር መለዋወጫው በዶላር ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በስንት ወር ይደርሳል? ግብሩ በሽያጩ ነው የሚሰላው ወይስ በገማቹ ግምት? ለእነዚህ ጥያቄዎች እርግጠኛ መልስ ካላገኘ ክፍሉን ይሠራል፤ ሦስቱ ወጣቶችም ሥራ አያገኙም። ይህ ባለሙያ ትርፍን አልሸሸም፤ የሸሸው ሊሰላ የማይችለውን ነው። ፍራንክ ናይት የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ልዩነት አስፍረዋል። መጠኑ የሚታወቅ አደጋ በሒሳብ ይያዛል፤ የማይታወቀው ግን ሒሳቡን ራሱን ያቆመዋል።

ባለሚሊዮኑም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። በ2013 ዓ.ም በቡሬና በደብረ ማርቆስ ታላላቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። አገሪቱ የምትበላውን ዘይት በአብዛኛው ከውጭ ስታስገባ የኖረች በመሆኗ ዓላማቸው የሚያስመሰግን ነው። ፋብሪካ ግን የሚፈጨው እህል ይፈልጋል። የጎጃም ኑግና አኩሪ አተር አቅርቦት የፋብሪካዎቹን አቅም የሚሞላ አልሆነም፤ ድፍድፍ ዘይት ከውጭ ለማስገባት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ። እዚህ ላይ ሁለት ውሳኔዎች እርስ በርስ ተፋጠዋል። ፋብሪካው ኑጉ እስኪመረት ይጠብቃል፤ ገበሬውም ፋብሪካው በእርግጠኛ ዋጋ እንደሚገዛው እስኪያረጋግጥ ኑግ አይዘራም፣ ጤፉን ይዘራል። ከዘር ወቅት በፊት ዋጋው በጽሑፍ የሚታወቅበት፣ በሁለቱም ወገን የሚከበር የአቅርቦት ውል ካልተዘረጋ ሁለቱም መጠበቃቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ ላይ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በክልሉ የተካሄደው ግጭት መንገድን፣ ባንክንና ገበያን በየጊዜው አቋርጧል። የጭነት መኪናው ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ለመድረሱ እርግጠኛ ያልሆነ ነጋዴ ሌላው ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

በዚህ ዓይነቱ ገጽ ላይ ድግስንና ተዝካርን ማውገዝ የተለመደ ነው። እኛ በዚህ ረገድ ያለን አቋም እንደ ቀድሞው አይደለም። አላግባብ የሚባክን ሀብት መኖሩን አንክድም። ነገር ግን መድን ሰጪ በሌለበት፣ ብድርም በሚቸግርበት አካባቢ፣ አንድ ቤተሰብ በማኅበርና በዕድር የሚያፈስሰው ወጪ በክፉ ቀን የሚጠራው ሰው ማጠራቀሚያ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ወይም በሬው የሞተበት ገበሬ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባንክ ሳይሆን ወደ ማኅበርተኛው ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ከ1980ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ፣ ፀደይ ባንክ ሆኖ እስከተለወጠበት ጊዜ ድረስ፣ መያዣ ለሌለው ድኃ በቡድን ዋስትና ያበደረው ይህንኑ የቆየ መተማመን መሠረት አድርጎ ነው።

መተማመንን በሕግ መገንባት እንደሚቻልም ይኸው ጎጃም አሳይቷል። በ1995 ዓ.ም ገደማ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ መመዝገብ ሲጀመር ከሁለቱ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱ በጎዛምን ወረዳ የሚገኘው አዲስና ጉሊት ነበር። ድንበሩ በጎረቤቶች ፊት ተለየ፣ በመዝገብ ሰፈረ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም ተሰጠ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጠፈ። ከዚያ በፊት ባልየው ብቻ ይወስን በነበረበት ቤት ሚስትም ፊርማዋ የሚጠየቅ ሆነች። ክላውስ ዳይኒንገርና ባልደረቦቻቸው በአማራ ክልል የተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት፣ ደብተር ያገኙ ገበሬዎች ይዞታዬ ይነጠቃል የሚል ሥጋታቸው እንደቀነሰና በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ የበለጠ እንዳፈሰሱ አረጋግጧል። ማንም ሰብስቦ ስለ እርከን ጥቅም በብዛት ስላስተማራቸው አልነበረም። ድንጋዩን የሚሸከሙለት ማሳ የእነርሱ ሆኖ እንደሚቆይ ስላመኑ ነው።

በዚህ ረገድ የቻይና ልምድም ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. ከ1978 በኋላ የጋራ እርሻው ለቤተሰብ ሲከፋፈል ውሉ አጭር ስለነበረ ገበሬው አፈሩን ማጎሳቆል ያዘ። መንግሥቱ ይህን ተገንዝቦ እ.ኤ.አ. በ1984 ውሉን ወደ 15 ዓመት፣ በ1993 ደግሞ ተጨማሪ 30 ዓመት አራዘመው። መሬቱ የግለሰብ የግል ሀብት አልሆነም። የተለወጠው ገበሬው ወደ ፊት አሻግሮ ማየት የሚችልበት የዘመን ርዝመት ነው። በእኛም አገር የአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም፣ የፌዴራሉ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ የመሬት የመጠቀም መብት ለብድር ዋስትና እንዲያዝ ተፈቅዷል። ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ በጋዜጣ መውጣቱ ብቻ አያበድርም። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ መዝገቡን በወቅቱ ካላስተካከለ፣ ውርስና ስጦታ ሳይመዘገብ ለዓመታት ከተንጠለጠለ፣ አንዲት ማኅተም ለማስመታት ገበሬው ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ የሚመላለስ ከሆነ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው መብት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የቀበሌ አባላት ሁሉ፣ በተለይም በአመራር የተመረጡ ወገኖች፣ የሚያዘገዩት እያንዳንዱ ፊርማ የአንድን ሰው ውሳኔ ከማሽን ወደ ክፍል፣ ከእርከን ወደ ባሕር ዛፍ እንደሚገፋው ሊገነዘቡ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ደብተር የሌለው ትውልድ ነው። የ1989 ዓ.ም ድልድል ሲካሄድ በእናቱ ጀርባ ላይ የነበረው ሕፃን ዛሬ የቤተሰብ ኃላፊ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚደለደል መሬት ስላላገኘ ከአረጋውያንና ከአቅመ ደካሞች በእኩል ወይም በኪራይ ያርሳል፤ ውሉም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ መኸር፣ ቢበዛ ለሁለት ነው። በደጋው የሚገኘው ሰፊ መሬት ደግሞ በአሲድ ተጎድቷል። የገብስና የስንዴ ማሳ ማዳበሪያ ቢፈስስበት እንኳ ምርቱ አልነሣ ይላል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ለአንድ ሄክታር በብዙ ኩንታል ይበተናል፤ ጥቅሙም በአንድ ዓመት አያልቅም፣ ለተከታታይ ዓመታት ይዘልቃል። በመስከረም ውሉ የሚያልቅበት ወጣት በሰው ማሳ ላይ ኖራ ሊበትን አይችልም፤ ባለ ይዞታዋ አሮጊት ደግሞ የኖራውን መግዣ የላትም። ሕጉ የረጅም ዘመን የኪራይ ውልን ፈቅዷል። ውሉ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ የኖራው ወጪ ማን እንደሚሸፍንና ውሉ ከጊዜው በፊት ቢፈርስ ለተበተነው ኖራ ምን ያህል እንደሚካስ በውሉ ውስጥ ቢሰፍር፣ ወጣቱና አሮጊቷ ሁለቱም ይጠቀማሉ። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች የዘንድሮው የእርሻ ወቅት ከመግባቱ በፊት ይህን ዓይነቱን የውል ናሙና አዘጋጅተው በየጎጡ በማንበብ ሊጀምሩ ይችላሉ።